ስር የሰደደ በሽታ ያለበት ሰው የቪታሚን ኤ እጥረትን እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ያስተካክላል፦ ከሀ እስከ ፐ

ቪታሚን ኤ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ምግብ ያጣ ህፃን ወይ ደግሞ "ካሮት ብላ ዓይንህ ይጠራል" የሚለው ምክር ነው። ትልቅ ሰው፣ ያውም በቀን ሶስቴ ደህና አድርጎ የሚበላ ሰው ይሄ እጥረት ሊኖርበት ይችላል ስትሉት አይዋጥለትም። ግን ለአመታት የቆሽት፣ የጉበት፣ የሃሞት መስመር ወይ የአንጀት በሽታ ያለበት ሰው፣ ወይ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራና አንጀቱን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው፣ እየበላም ሊጎድልበት ይችላል፤ ችግሩ ሳህኑ ላይ ሳይሆን ምግቡ ከተዋጠ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ ነው። ይሄ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ሌላው ከመጀመሪያው መያዝ ያለበት ነገር፣ ቪታሚን ኤ እንደ ቪታሚን ሲ አይደለም፣ ሲተርፍ በሽንት ወጥቶ አይሄድም፣ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲበዛም ይመርዛል። እንደውም አንዳንድ በሽታ ላይ (ዋናው ኩላሊት ነው) የሚያሰጋው ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። ስለዚህ እባካችሁ ይሄን አንብባችሁ ሮጣችሁ ኪኒን እንዳትገዙ፣ እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ።

1ኛ፦ መንገዱን እወቁ፣ የናንተ በሽታ የቱ ጋ እንደሚገባ ለዩ

ቪታሚን ኤ በሁለት መልክ ነው የምናገኘው። አንደኛው የተዘጋጀው ሬቲኖል የሚባለው ነው፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ቅባት ያለው አሳ ውስጥ ያለው። ሁለተኛው ቤታ ካሮቲን ነው፣ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ነገሮች (ካሮት፣ ዱባ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች፣ ማንጎ) እና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው፣ እሱን ሰውነት ራሱ ነው ወደ ቪታሚን ኤ የሚቀይረው። ሁለቱም ቅባት ወዳድ ናቸው፣ ማለትም ምግብ ውስጥ ያለው ቅባት ካልተፈጨና ካልተመጠጠ እነሱም አይመጠጡም።

አሁን መንገዱን ተከተሉ። ቅባቱን ለመፍጨት ከቆሽት የሚወጣ ኢንዛይም ያስፈልጋል፣ ለማሟሟት ከጉበት የሚወጣ ሃሞት ያስፈልጋል፣ ለመምጠጥ ጤነኛ ትንሹ አንጀት ያስፈልጋል። ከዛ ወደ ጉበት ይሄድና እዛ ይቀመጣል። ጉበት የቪታሚን ኤ ጎተራ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ካለው አብዛኛው እዛ ነው ያለው። ከጎተራው ወጥቶ ዓይን፣ ቆዳ፣ ሳንባ ጋ እንዲደርስ ደግሞ የሚሸከመው ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ ያንን ፕሮቲን የሚሰራውም ራሱ ጉበት ነው፣ ለመስራት ደግሞ ዚንክና በቂ ፕሮቲን ይፈልጋል።

እንግዲህ የናንተ በሽታ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው የሚነካው?

ቆሽት ላይ ከሆነ፦ የቆየ የቆሽት ቁጣ (ክሮኒክ ፓንክሪያታይቲስ)፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (በዘር የሚመጣ፣ ሳንባንና ቆሽትን በወፍራም ፈሳሽ የሚዘጋ በሽታ)፣ ቆሽቱ በከፊል ወይ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው። ሃሞት ላይ ከሆነ፦ የሃሞት መስመር የሚዘጋ ወይ የሚጠብ ማንኛውም የቆየ በሽታ፣ ህፃናት ላይ ደግሞ ከልደት የሚመጣው የሃሞት ቧንቧ አለመኖር ወይ መዘጋት። አንጀት ላይ ከሆነ፦ ሴሊያክ (ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ)፣ ትንሹን አንጀት የያዘ ክሮንስ (አንጀት ላይ የሚመላለስ የቆየ ቁጣ)፣ አንጀቱ ተቆርጦ ያጠረ ሰው፣ ወራት የፈጀ ተቅማጥ፣ እና የውፍረት ኦፕራሲዮን፣ በተለይ ምግቡ ረጅሙን የአንጀት ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው አይነት። ጎተራው ላይ ከሆነ፦ ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ሞልቶት መድከሙ)፣ ብዙ አመት የዘለቀ የአልኮል ጉዳት። ከዚህ ሌላ ከባድ ኢንፌክሽን ሲደጋገም ሰውነት ቪታሚን ኤን ቶሎ ይጨርሳል፣ ትኩሳት ባለበት ሰአት በሽንትም ይወጣል፣ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች ላይ ከምግብ ማነስና ከተቅማጥ ጋር ተደራርቦ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

መድሃኒትም ያግዳል። ለክብደት መቀነሻ የሚሰጠው ኦርሊስታት ቅባት እንዳይመጠጥ ነው የሚያደርገው፣ እና ቪታሚኑንም አብሮ ይዞት ይወጣል። ለኮሌስትሮል ወይ በሃሞት ምክንያት ለሚመጣ ማሳከክ የሚሰጠው ኮሌስቲራሚን ሃሞቱን ስለሚይዘው ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። እነዚህን የምትወስዱ ከሆነ ቪታሚኑን በሌላ ሰአት ነው መውሰድ ያለባችሁ፣ ኦርሊስታት ከሆነ ቢያንስ 2 ሰአት አራርቃችሁ ወይ ማታ ልትተኙ ስትሉ፣ ኮሌስቲራሚን ከሆነ ደግሞ እሱን ከመውሰዳችሁ 1 ሰአት በፊት ወይ ከወሰዳችሁ ከ4 እስከ 6 ሰአት በኋላ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰገራችሁን እዩ። አውቃለሁ ማንም ስለዚህ ማውራት አይወድም። ግን ሰገራው ገርጣ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ቅባት ያለው፣ የሚንሳፈፍ፣ ሽታው ከወትሮው የከፋ፣ ውሃ ለቃችሁበትም አልሄድ የሚል ከሆነ ቅባት እየተመጠጠ አይደለም ማለት ነው፣ ከቅባቱ ጋር ደግሞ ኤ ብቻ ሳይሆን ዲ፣ ኢ እና ኬም አብረው እየሄዱ ነው። ለሐኪም ከምትነግሩት ነገር ሁሉ ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው።

2ኛ፦ ምልክቱን ቀድማችሁ ፈልጉ

መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዳፍንት ነው። ዓይናችን ጀርባ ላይ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩልን ሴሎች ሮዶፕሲን የሚባል ነገር ይጠቀማሉ፣ እሱ ደግሞ ከቪታሚን ኤ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ቪታሚኑ ሲያንስ ቀን ምንም ሳይመስላችሁ ማምሻ ላይ ማየት ይከብዳችኋል። ችግሩ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ይለምደዋል፣ "እያረጀሁ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ መብራቱ ነው ይላል።

ስለዚህ ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ፦ ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለም ያለ ክፍል ስገባ ዓይኔ እስኪለምድ ከበፊቱ በጣም ይቆያል? ሌሎች ሰዎች ያለችግር በሚሄዱበት ምሽት እኔ ደረጃ ይጠፋኛል፣ እቃ ይመታኛል? ማታ መንዳት ትቻለሁ? ከቤተሰብ አንድ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው አብሯችሁ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ቁጭ ይበልና ምን ምን እንደሚታያችሁ አወዳድሩ፣ ይሄ ምርመራ አይደለም ግን ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ህፃን ከሆነ አይነግራችሁም፣ ቀን የሚሮጥ ልጅ ሲመሽ አንድ ቦታ ቁጭ ካለ፣ እቃ ካጋጨው፣ መጫወቻውን በእጁ እየዳሰሰ ከፈለገ ያ ነው ምልክቱ።

እዚህ ጋ ግን አትቸኩሉ፣ ማታ አለማየት ሁሉ ቪታሚን ኤ አይደለም። የዓይን ሞራ፣ ያልታረመ የርቀት እይታ ችግር፣ በዘር የሚመጣ የሬቲና (ዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) በሽታ፣ ግላኮማ፣ ስኳር ያመጣው የሬቲና ጉዳትና ለሱ የተሰራ የሌዘር ህክምና ሁሉም ማታ ማየትን ይቀንሳሉ። የዓይን ሐኪም ነው የሚለየው፣ አስፈላጊ ከሆነ ሬቲና ለብርሃን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካ ምርመራ አለ።

ከዳፍንት ቀጥሎ የዓይን መድረቅ ይመጣል፣ ነጩ የዓይን ክፍል እርጥበቱን አጥቶ ይፈዛል፣ አንዳንዴ ነጩ ላይ አረፋ ወይ የደረቀ ሳሙና የሚመስል ነጣ ያለ ጠብታ ይታያል፣ ቢቶት ስፖት ይባላል። ከዓይን ውጪ ደግሞ ቆዳ ይደርቃል፣ ክንድና ጭን ላይ የፀጉር ቀዳዳዎቹ ጠጠር ጠጠር ይላሉ፣ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ይደጋገማል፣ ቁስል ለመዳን ይቆያል፣ ብረት እየወሰዳችሁም ደም ማነሱ አልነሳ ሊል ይችላል ምክንያቱም ሰውነት ያጠራቀመውን ብረት ለመጠቀም ቪታሚን ኤ ይፈልጋል። እነዚህ ግን ለብቻቸው ምንም አያረጋግጡም፣ ቆዳ በሺህ ምክንያት ይደርቃል።

አሁን የምለውን ግን በደንብ ያዙት፦ ጥቁሩን የዓይን ክፍል ከፊት የሚሸፍነው ጥርት ያለው ሽፋን (ኮርኒያ) ከፈዘዘ፣ ከነጣ፣ ቁስል ከታየበት፣ ዓይን ብርሃን መቋቋም ካቃተው ወይ ካመመ፣ ለነገ የሚባል ነገር የለም፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ኮርኒያ በዚህ ምክንያት መለስለስና መቅለጥ ከጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይን ሊጠፋ ይችላል፣ የተረፈው ጠባሳም አይመለስም። ዳፍንት ግን በትክክል ከታከመ ብዙ ጊዜ በ1 ወይ በ2 ቀን ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ይሄን ያህል ነው፣ ቀድሞ የመያዝ ነገር ለዛ ነው እንዲህ የምጨቀጭቃችሁ።

3ኛ፦ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይዛችሁ የምትሄዱት

አንድ ወረቀት ላይ፣ ወይ ስልካችሁ ላይ፣ እነዚህን ጻፉ፦ በሽታው መቼ እንደጀመረ፣ ኦፕራሲዮን ከነበረ ምን አይነት እንደሆነና መቼ፣ የምትወስዱት መድሃኒት በሙሉ፣ ቪታሚንና የአሳ ጉበት ዘይት ካለ እሱም ከነማሸጊያው (ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር በጣም ያስፈልጋል)፣ ክብደታችሁ ባለፉት ወራት ቀንሶ ከሆነ፣ የሰገራው ሁኔታ፣ ማታ የማየቱ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ። ሴት ከሆናችሁ እርግዝና ካለ ወይ ከታሰበ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ።

ከዛ አፍራችሁ አትመለሱ፣ እንዲህ በሉ፦ "ዶክተር፣ በሽታዬ ቅባት እንዳይመጠጥ ሊያደርግ ስለሚችል ቅባት ውስጥ የሚሟሙት ቪታሚኖቼ ተለክተው ያውቃሉ ወይ? ካልተለኩ ቪታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢን እና ለኬ የሚሆነውን የደም መርጋት ምርመራ ቢያዙልኝ፣ ከሱ ጋር ሲ አር ፒ፣ አልቡሚንና ዚንክም ቢታይልኝ።" (ሲ አር ፒ ሰውነት ውስጥ ቁጣ ወይ ኢንፌክሽን መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው፣ አልቡሚን ደግሞ ጉበት የሚሰራው የደም ፕሮቲን ነው።) ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፣ የቆየ በሽታ ክትትል ላይ ቪታሚን ኤ የሚረሳ ነገር ስለሆነ እንደውም ያስታውሰዋል።

4ኛ፦ የደም ውጤቱን ማንበብ

ይሄኛው ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ስለሆነ።

ደም ውስጥ የሚለካው ሬቲኖል ነው። ከ0.70 ማይክሮሞል በሊትር በታች ከሆነ እጥረት ነው ይባላል፣ በሌላው መለኪያ 20 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ማለት ነው፣ ከ0.35 (10 ማይክሮግራም) በታች ደግሞ ከባድ እጥረት። ላብራቶሪው በየትኛው መለኪያ እንደጻፈ መጀመሪያ እዩ፣ 1 ማይክሮሞል በሊትር ወደ 28.6 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው፣ ሁለቱን አምታቶ የደነገጠ ወይ ያለአግባብ የተረጋጋ ሰው ብዙ ነው። ናሙናው ከብርሃን ተጠብቆ ነው መያዝ ያለበት፣ ሬቲኖል ብርሃን ያበላሸዋል፣ ምግብ ሳትበሉ ጠዋት ቢቀዳ ደግሞ ይመረጣል።

አሁን ወጥመዶቹ። አንደኛ፣ ጥሩ ቁጥር ማለት ጎተራው ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ጉበት ያጠራቀመው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ደም ውስጥ ያለውን ልክ አስተካክሎ ይለቃል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ከረፈደ ነው። የተጋላጭነት ምክንያቱ ካለ አንድ ጊዜ ደህና መጣ ብላችሁ አትተዉት።

ሁለተኛ፣ ዝቅ ያለ ቁጥርም ሁሌ እጥረት አይደለም። ሰውነት ውስጥ ቁጣ ወይ ኢንፌክሽን ሲኖር ጉበት ያንን ተሸካሚ ፕሮቲን መስራት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጎተራው ሙሉ እያለ ደም ውስጥ ያለው ሬቲኖል ዝቅ ይላል። ክሮንስ የተነሳበት ሰው፣ የሳንባ ኢንፌክሽን ላይ ያለ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ሰው፣ በዛ ሳምንት ደሙን ቢሰጥ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ሲ አር ፒ አብሮ ይለካ ያልኩት ለዚህ ነው፣ እሱ ከፍ ካለ ሬቲኖሉን ለብቻው አትመኑት፣ የዓይን ምልክት ከሌለ ሰውየው ከተረጋጋ በኋላ ደግሞ መለካቱ ይሻላል። የዓይን ምልክት ካለ ግን መጠበቅ የለም፣ ሐኪሙ ወዲያው ነው የሚያክመው።

ሶስተኛ፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ላይ ዝቅ ያለው ቁጥር ተሸካሚውን መስራት ስላቃተው ሊሆን ይችላል፣ ፕሮቲን የጎደለው ወይ ዚንክ የጎደለው ሰው ላይም እንደዛው። እዚህ ላይ ዝም ብሎ ቪታሚን ኤ ብቻ ማፍሰስ ቁጥሩን ላያነሳው ይችላል፣ ጉበቱን ግን የበለጠ ሊጎዳው ይችላል። ሐኪሞች ሬቲኖሉን ከተሸካሚው ፕሮቲን ጋር አነጻጽረው የሚያዩት ይሄን ለመለየት ነው።

አራተኛ፣ ኩላሊት። ያ ተሸካሚ ፕሮቲን የሚወገደው በኩላሊት ነው፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሬቲኖሉም አብሮ ከፍ ይላል፣ ዲያሊሲስም አያወጣውም። ለዚህ ነው ለኩላሊት ህመምተኞች ተብለው የሚሰሩት ቪታሚኖች ውስጥ ቪታሚን ኤ የማይጨመረው። የኩላሊት በሽታ ያለባችሁ ሰዎች ተራ መልቲ ቪታሚን አንስታችሁ አትዋጡ፣ የአሳ ጉበት ዘይትም አትጀምሩ፣ ይሄን በጣም ነው የምለምናችሁ።

5ኛ፦ ቁጥሮቹን መቁጠር ተማሩ

ማሸጊያዎች ላይ አንዱ በማይክሮግራም አንዱ በአይ ዩ (ኢንተርናሽናል ዩኒት) ይጽፋል። ለሬቲኖል 1 ማይክሮግራም ማለት 3.33 አይ ዩ ነው። ጤነኛ ወንድ በቀን 900 ማይክሮግራም ይፈልጋል፣ ሴት 700፣ ነፍሰ ጡር 770፣ የምታጠባ እናት 1,300፣ ከ1 እስከ 3 አመት ያለ ልጅ 300፣ ከ4 እስከ 8 አመት 400። ከላይ መታለፍ የሌለበት ገደብ ለትልቅ ሰው በቀን 3,000 ማይክሮግራም ነው፣ ማለትም 10,000 አይ ዩ፣ ይሄ ገደብ የተዘጋጀውን ሬቲኖል ነው እንጂ ካሮትና ቅጠል ውስጥ ያለውን አይቆጥርም።

ምሳሌ እንስራ። አንድ ሰው መልቲ ቪታሚን ላይ 5,000 አይ ዩ አለው፣ ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ የኮድ አሳ ጉበት ዘይት ይጠጣል፣ እሱ ወደ 4,500 አይ ዩ ይሆናል፣ ከዛ ሰው መክሮት 8,000 አይ ዩ የሆነ ቪታሚን ኤ ለብቻው ጨመረ። ድምሩ 17,500፣ በማይክሮግራም ከ5,200 በላይ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይመስልም፣ ሲደመር ግን ከገደቡ በጣም አልፏል። ቤታችሁ ያለውን ሁሉ አውጡና ደምሩት፣ "ለፀጉር"፣ "ለቆዳ"፣ "ለዓይን" የሚባሉትንም ጨምሩ፣ ብዙዎቹ ውስጥ አለ።

6ኛ፦ መጀመሪያ መንገዱን ጠግኑ

መንገዱ ሳይጠገን የሚሰጥ ቪታሚን በአብዛኛው መጸዳጃ ቤት ነው የሚገባው። ቆሽታችሁ ኢንዛይም የማያመነጭ ከሆነ የታዘዘላችሁን የኢንዛይም ካፕሱል ከምግብ ጋር፣ ማለትም መብላት ስትጀምሩና በመሀል መውሰድ ነው እንጂ በልታችሁ ከጨረሳችሁ ከአንድ ሰአት በኋላ አይደለም፣ ቅባት ያለበት መክሰስ ስትበሉም ይወሰዳል፣ የታዘዘው ቪታሚንም ከዛው ምግብና ኢንዛይም ጋር አብሮ ይዋጥ። ሴሊያክ ከሆነ ግሉተን ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፣ "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር አንጀቱ እንዳይድን ያደርገዋል። ክሮንስ ከሆነ ቁጣው መብረድ አለበት። ዚንክ ከጎደለ እሱ ይተካ፣ ግን ዚንክም ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ኮፐር ያሳጣል፣ ስለዚህ ሐኪም ባለው መጠንና ጊዜ ብቻ። አልኮል ካለ መቆም አለበት፣ አልኮል ጎተራውን ያራቁታል፣ በዛው ላይ ቪታሚን ኤ ጉበት ላይ የሚያደርሰውን መርዛማነት ያባብሳል፣ በሁለቱም በኩል ነው የሚጎዳው።

7ኛ፦ ምግቡ

ካሮት ጥሬውን ዝም ብሎ ከመብላት የበሰለው፣ የተፈጨው፣ ትንሽ ዘይት ያለበት ይሻላል፣ ቤታ ካሮቲኑ ከቅጠሉና ከስሩ ውስጥ የሚለቀቀው ሲበስልና ሲደቅ ነው፣ የሚመጠጠው ደግሞ ቅባት ሲኖር ነው። ብዙ ዘይት አያስፈልግም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የተጋገረ ብርቱካናማ ስኳር ድንች አንዱ ብቻ 1,400 ማይክሮግራም ገደማ ይሰጣል፣ ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ስፒናች ከ550 በላይ፣ ግማሽ ኩባያ ካሮት ከ450 በላይ። የተቀቀለ እንቁላል አንዱ 75 አካባቢ ነው፣ ትንሽ ነው ግን ያለው የተዘጋጀው ሬቲኖል ነው፣ ሰውነት መቀየር አይጠበቅበትም።

ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ቅባት የማይመጠጥለት ሰው እነዚህ ቁጥሮች ለሱ አይሰሩም። ቤታ ካሮቲን ከሬቲኖልም በበለጠ ጤነኛ አንጀትና ሃሞት ይፈልጋል፣ እና ካሮት ላይ ብቻ ተስፋ ጥሎ ወራት ማሳለፍ ዓይንን ማስያዝ ነው። ምግቡ ይቀጥል፣ ህክምናውን ግን አይተካም። ሌላ ስህተት ደግሞ ተቅማጡን ፈርቶ ቅባትን ከምግብ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው፣ ኢንዛይም ወይ ህክምና አስተካክሎ ቅባት መብላት እየተቻለ ራስን መከልከል እጥረቱን ያባብሳል፣ የምግብ ባለሙያ ካገኛችሁ ይሄን ነው መጠየቅ ያለባችሁ።

ጉበት በጣም ሀብታም ምግብ ነው፣ 85 ግራም የበሰለ የበሬ ጉበት ከ6,000 ማይክሮግራም በላይ አለው፣ የአንድ ሳምንት ፍላጎት በአንድ ቁጭታ ማለት ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ እንጂ በየቀኑ አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ተዉት፣ ኩላሊታችሁ ደካማ ከሆነም እንደዛው።

8ኛ፦ ሳፕሊመንቱ፣ ማን ይውሰድ፣ ማን አይውሰድ

ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው መጠን እንደ በሽታው ነው። ለምሳሌ የውፍረት ኦፕራሲዮን ለተሰራላቸው፣ ጨጓራውን ለሚያሳንሰውና ለተለመደው ባይፓስ በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 አይ ዩ፣ ረጅሙን አንጀት ለሚዘለው አይነት ደግሞ 10,000 አይ ዩ ነው መነሻው፣ ከዛ በደም ውጤት ይስተካከላል። ሃሞት ለሌላቸውና ቅባት በጣም ለማይመጠጥላቸው ሰዎች ከውሃ ጋር እንዲቀላቀል ተደርጎ የተሰራ አይነት አለ፣ ተራው ዘይት ያለበት ካፕሱል ካልሰራ ስለሱ ጠይቁ።

ዓይን ላይ ምልክት ሲወጣ የአለም ጤና ድርጅት ህክምና በጣም ከፍ ያለ ነው፣ ከ1 አመት በላይ ለሆነ ሰው 200,000 አይ ዩ በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛው ቀን፣ እና ቢያንስ ከ2 ሳምንት በኋላ አንዴ፤ ከ6 እስከ 12 ወር ላለ ህፃን ግማሹ፣ ከ6 ወር በታች 50,000። ይሄን የጻፍኩት ሐኪም ሲያዘው እንዳትደነግጡ ነው እንጂ ቤት ውስጥ እንድትሞክሩት አይደለም። ለመውለድ እድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ዳፍንት ወይ ቢቶት ስፖት ብቻ ከሆነ ይሄ ትልቅ ዶዝ አይሰጥም፣ በቀን ከ10,000 አይ ዩ ያልበለጠ ወይ በሳምንት ከ25,000 ያልበለጠ ነው፣ ኮርኒያ ከተነካ ግን ዓይን ስለሚጠፋ ውሳኔው ይለያል። በአፍ የተሰጠው የማይመጠጥለት ሰው በመርፌ የሚሰጥበት ጊዜም አለ።

እነዚህ ሰዎች ሳይጠይቁ ምንም አይጀምሩ፦

ነፍሰ ጡር ወይ ልታረግዝ ያሰበች፣ የበዛ ሬቲኖል በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ ላይ የአፈጣጠር ችግር ያመጣል። ኩላሊት የደከመበት ሰው፣ ከላይ ብዬዋለሁ። ሲሮሲስ ያለበት። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን ወይ ለሶሪያሲስ አሲትሬቲን የሚወስድ፣ መድሃኒቶቹ ራሳቸው ከቪታሚን ኤ ቤተሰብ ስለሆኑ ይደራረባል። ዶክሲሳይክሊን ወይ ተመሳሳይ የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ አንቲባዮቲክ የሚወስድ፣ አብረው ሲሆኑ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድሃኒት) የሚወስድ ደግሞ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በአንድ ላይ ያሉበትን ካፕሱል ሲጀምር ሳይናገር መጀመር የለበትም፣ ኬው የመድሃኒቱን ስራ ይቀንሰዋል።

የሚያጨሱ ሰዎችም። ቤታ ካሮቲን "ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም" ይባላል፣ ከምግብ ሲሆን እውነት ነው። ግን በ1994 የወጣው የፊንላንድ ትልቅ ጥናት ላይ አጫሽ ወንዶች በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን በኪኒን ሲወስዱ የሳንባ ካንሰሩ ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ፣ 18 ከመቶ ገደማ፤ ካሬት የሚባለው የአሜሪካ ጥናትም ጉዳቱ ስለታየ ከጊዜው በፊት ነው የቆመው። ስለዚህ የምታጨሱ ወይ በቅርቡ ያቆማችሁ ከሆነ የቤታ ካሮቲን ኪኒን አትውሰዱ፣ ካሮቱን ብሉ።

9ኛ፦ ከጀመራችሁ በኋላ

የመብዛት ምልክቶችን እወቁ፦ አዲስ የመጣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዥ ማለት ወይ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የከንፈር መሰነጣጠቅ፣ የፀጉር መርገፍ፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ህመም፣ የጉበት ምርመራ ውጤት ከፍ ማለት። ለአመታት የቆየ መብዛት ጉበትን ያጠባስላል፣ አጥንትን ያሳሳል። አስቸጋሪው ነገር የቆዳ መድረቅ ሲያንስም ሲበዛም የሚመጣ ነው፣ ስለዚህ ቆዳዬ አሁንም ደረቅ ነው ብላችሁ ዶዝ አትጨምሩ፣ ደም ተለክቶ ነው የሚወሰነው። መዳፍና እግር ብርቱካናማ መምሰል ግን ካሮት ስለበዛ ነው፣ የዓይን ነጩ ቢጫ ካልሆነ አያስፈራም፣ ነጩም ቢጫ ከሆነ የጉበት ወይ የሃሞት ጉዳይ ነውና ታዩ።

ክትትሉን በተመለከተ፣ ዶዝ ከተጀመረ ወይ ከተቀየረ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደም ይለካ፣ ከተስተካከለ በኋላ በአመት አንዴ፣ እና ሁሌ ኢንፌክሽን በሌለበት፣ ሰውየው በተረጋጋበት ሰአት። በመሀል ነገር ከተቀየረ ግን አመቱን አትጠብቁ፦ ኢንዛይሙ ከተቀየረ፣ ተጨማሪ አንጀት ከተቆረጠ፣ ጉበት ወይ ኩላሊት ከተቀየረ (ንቅለ ተከላ)፣ ክብደት ድንገት ከወረደ፣ እርግዝና ከመጣ፣ ኩላሊት መድከም ከጀመረ ዶዙ እንደገና መታየት አለበት፣ ትናንት ትክክል የነበረው መጠን ለዛሬው ሰውነት በጣም ብዙ ወይ በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ዳፍንቱ የለቀቀለት ሰው ደግሞ "በቃ ድኛለሁ" ብሎ ያቆማል፣ በሽታው ግን እዛው ነው ያለው፣ ቅባት አሁንም አይመጠጥም፣ ስለዚህ ማቆሙም መቀነሱም ሐኪሙ የደም ውጤቱን አይቶ የሚወስነው ነው።